ዐውድና ዕለት፦ ቀን በስታቲስቲክስ ቋንቋ ውስጥ ስሙን የሚያጣው ለምንድን ነው?



ንግግሬን በአንድ ቁጥር ልጀምር፦ 13768። ቁጥሩን ሰምታችሁ አንዳች ነገር ትዝ ያለው ሰው በመካከላችሁ ያለ አይመስለኝም። ሆኖም በዕድሜ ጠና ያልነው ሁሉ ይህ ቁጥር በሚያመለክተው ዕለት የት እንደነበርን፣ ከማን ጋር እንዳመሸን ልንናገር እንችላለን። ዕለቱ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መስከረም 12 ቀን 2007። አር የተባለው የስታቲስቲክስ የፕሮግራም ቋንቋ ያንን ዕለት በሆዱ የሚያኖረው በዚህ ቁጥር ነው። በዘወትር ሥራ ቁጥሩን ሰውሮ ቀኑን በዓመት፣ በወርና በዕለት ያሳየናል። ቀኖችን በተርታ ይዘን ዙር ውስጥ ስናስገባቸው ግን፣ ማለትም በእያንዳንዱ ቀን ላይ አንድ ዓይነት ሥራ በተራ እንዲደጋገም በፎር ትእዛዝ ስናዝዝ፣ ቀኑ ስሙን ጥሎ እርቃኑን ይወጣል። የምናገኘው 13768 ብቻ ነው።

ይህን የተማርሁት በስህተት ነው። ከዓመታት በፊት የአንድ ጤና ጣቢያን የወሊድ መዝገብ ስመረምር በየዕለቱ የተወለዱትን ሕፃናት የሚቆጥር ዙር ጻፍሁ። ዙሩ ያለ አንዳች ቅሬታ ሠርቶ ጨረሰ። በቀን ዓምድ ላይ የወጡትን ባለአምስት አኃዝ ቁጥሮች የመዝገብ መለያ መስለውኝ ሳልመረምር ሰንጠረዡን ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ላክሁለት። እርሱም በኤክሴል ከፍቶ ዓምዱን ወደ ቀን ለወጠው። በማግስቱ ደውሎ «ወንድሜ፣ እነዚህ ሕፃናት እኮ አባቴን ያክላሉ!» አለኝ። ኤክሴል ቀንን መቁጠር የሚጀምረው ከ1900 መባቻ አካባቢ ሲሆን አር ግን ከ1970 ነው፤ ስለዚህ ሕፃናቱ ሁሉ ሰባ ዓመት ወደ ኋላ ተወልደው ነበር። ያ 13768 በኤክሴል ሲነበብ ጳጉሜን 5 ቀን 1929 ዓ.ም. ይሆናል፤ የሺህ ዘመኑ ብሥራት በጠላት ወረራ ዘመን ወደነበረ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ተቀየረ ማለት ነው።

ስቀን ተለያየን። ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ቀረ። ቀንን ያህል ትልቅ ነገር እንዲህ በቀላሉ ስሙን የሚጥለው ለምንድን ነው? የፕሮግራም ባለሙያ ሲጠየቅ «ቋንቋው እንዲህ ነው» ይላል። የታሪክ ተማሪ ግን «እንዲህ ነው» የሚለውን መልስ አይቀበልም፤ «እንዲህ የሆነው መቼና በማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ዛሬ ላሳያችሁ የምሞክረው፣ ይህ ጠባይ የአንድ ሰው ቸልተኝነት ሳይሆን በተለያዩ ዘመናት የተነጠፉ ንብርብሮች ውጤት መሆኑን ነው።

የመጀመሪያው ንብርብር ቀንን ቁጥር ማድረግ ነው። ወራት እኩል አይደሉም፤ ዓመታትም እንዲሁ። በሁለት ቀኖች መካከል ያለውን ርቀት ለማወቅ የሚፈልግ ሁሉ ወርንና ዓመትን ትቶ ዕለታትን ከአንድ መነሻ ጀምሮ አንድ፣ ሁለት ብሎ ቢቆጥር ይቀለዋል። ፈረንሳዊው ሊቅ ዮሴፍ ስካሊገር እ.ኤ.አ. በ1583 ባሳተመው ሥራው የ7980 ዓመት ዘመን አቀረበ፤ መነሻውም ከክርስቶስ ልደት በፊት 4713 ነው። 7980 የ28፣ የ19 እና የ15 ብዜት ነው። 28ን በ19 ስናባዛ 532 እናገኛለን፤ የባሕረ ሐሳብ ተማሪ ይህን ቁጥር «ዐውደ ቀመር» ብሎ ያውቀዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆን ኸርሸል የስካሊገርን ዘመን ለዕለታት ቆጠራ እንዲያገለግል አደረገው፤ የሥነ ፈለክ ሰዎች እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል።

የኮምፒውተር ሰዎችም የራሳቸውን መነሻ መረጡ። በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ የተሠራው ዩኒክስ በ1971 በወጣው የመጀመሪያ መመሪያው ጊዜን የሚቆጥረው በሰከንድ ስድሳኛ ክፍል ነበር፤ መነሻውም የ1971 መጀመሪያ። እንዲህ ደቃቅ በሆነ መለኪያ የቁጥሩ ማኅደር በሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ይሞላ ስለነበር ቆጠራው ወደ ሰከንድ፣ መነሻውም ወደ ጥር 1 ቀን 1970 ተለወጠ። ያ ዕለት በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው። አር ቀንን የሚቆጥረው ከዚሁ ዕለት ተነሥቶ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ከዜሮ በታች ይሆናል። የዓድዋ ድል ዕለት በአር ሆድ ውስጥ ከዜሮ በታች 26968 ነው። በራሱ ስህተት የለበትም፤ ቁጥር ማለት ከአንድ መነሻ ያለ ርቀት ነውና። ችግር የሚመጣው መነሻው ሲረሳ ነው።

ሁለተኛው ንብርብር በዚያው በቤል ቤተ ሙከራ የተወለደው የኤስ ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ጆን ቻምበርስና ባልደረቦቹ የስታቲስቲክስ ሰው ረጅም ፕሮግራም ሳይጽፍ ከመረጃው ጋር በቀጥታ የሚነጋገርበትን መሣሪያ ማሰናዳት ጀመሩ። መሠረቱን ያደረጉት ቬክተርን ነው፤ ቬክተር ማለት አንድ ዓይነት የሆኑ ዋጋዎች ተርታ ነው። ዙርም ከቋንቋው ጋር አብሮ ያደገ ነው፤ ሥራውም ግልጽ ነበር፦ ከተርታው አንድ አንድ ዋጋ እያነሣ መስጠት። በዚያ ዘመን ዋጋ ማለት በአመዛኙ ቁጥር፣ ጽሑፍ ወይም እውነትና ሐሰት ነበር። ቀን የሚባል ልዩ ዓይነት ነገር በቋንቋው መሠረት ላይ አልተቀመጠም።

ሦስተኛው ንብርብር ክላስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ቻምበርስና ትሬቨር ሄስቲ ባዘጋጁት መጽሐፍ በኤስ ውስጥ የክላስ ሥርዓት ለተጠቃሚው ቀረበ። ሐሳቡ ብልህና ርካሽ ነበር፦ ነባሩን ቬክተር ሳይነኩ ከላዩ ላይ የክላሱን ስም የያዘ መለያ መለጠፍ። አንድ ትእዛዝ ሲመጣ መለያውን ያነብባል፤ ለዚያ ክላስ የተዘጋጀ ልዩ አሠራር ካለ ሥራውን ለእርሱ ያስረክባል። የቀድሞው ሕንጻ ሳይፈርስ አዲስ ደርብ ተሠራ ማለት ነው።

በዚያው ሰሞን በኒውዚላንድ በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን ለማስተማሪያ የሚሆን ተመሳሳይ ቋንቋ መሥራት ጀመሩ። አር የሚለው ስም በከፊል ከሁለቱ ስሞች የመጀመሪያ ፊደል፣ በከፊልም ከኤስ ስም ጋር ከተደረገ ጨዋታ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ማንም በነጻ እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው ተፈቀደ። የመጀመሪያው ሙሉ እትም፣ ማለትም 1.0.0፣ የወጣው የካቲት 29 ቀን 2000 ነው። ይህች ዕለት ራሷ የዘመን አቆጣጠር ትምህርት ናት። በግሪጎርዮስ ሥርዓት ለ100 የሚካፈል ዓመት ተጨማሪ ቀን የለውም፤ ለ400 የሚካፈል ከሆነ ግን አለው። ስለዚህ 1900 የካቲት 29 አልነበረውም፤ 2000 ግን ነበረው። ኤክሴል እስከ ዛሬ 1900ን እንዲህ ያለ ዓመት አድርጎ ይቆጥራል፤ ከእርሱ በፊት ከነበረው ሎተስ ከተባለው ፕሮግራም የወረሰው፣ ለመስማማት ሲባል እንዲኖር የተተወ ስህተት ነው። ያቺ የአር ልደት በእኛ የካቲት 21 ቀን 1992 ዓ.ም. ነበረች።

ሰዓትንና ቀንን አጣምሮ የሚይዘው ክላስ ወደ አር የገባው በዚያው በ2000 መጨረሻ ነው። ለቀን ብቻ የተሠራው ክላስ ደግሞ በ2004 ከእትም 1.9.0 ጋር መጣ። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ዙሩ የ1970ዎቹ ልጅ ነው፤ መለያው የ1990ዎቹ፤ ቀኑ የ2004። ታናሹ ታላቁን ያውቃል፤ ታላቁ ግን ታናሹን አያውቅም።

አሁን ወደ ነገሩ አሠራር ልመለስ። አንድ ጆንያ ጤፍ አስቡ። በጆንያው ላይ «የአድአ ማኛ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ የተለጠፈው በጆንያው ላይ እንጂ በእያንዳንዷ ቅንጣት ላይ አይደለም። ከጆንያው በጣሳ ቀድታችሁ ስታወጡ ጤፉ ይወጣል፤ ወረቀቱ ጆንያው ላይ ይቀራል። አር ውስጥ ያለው የቀን ቬክተርም እንዲሁ ነው፤ ውስጡ ቁጥሮች ናቸው፤ «ቀን» የሚለው መለያ የተርታው ሁሉ የጋራ ነው። ዙሩ ጣሳ ነው፤ ቀድቶ ይሰጣል፤ ወረቀት አያነብም። በአራት ማዕዘን ቅንፍ ተራ ቁጥሩን ጠቅሰን አንድ አባል ስናወጣ ግን ሌላ ነው። ቅንፉ መለያውን የሚያነብና ለቀን የተዘጋጀ አሠራር ያለው ትጉህ መጋዘን ጠባቂ ነው፤ ጤፉን ሲሰፍር ወረቀቱንም ገልብጦ ይለጥፍበታል።

ዙሩ ለአንድ ክላስ ብቻ ወግ ያደርጋል። ፋክተር የሚባለውን፣ ማለትም «ወንድ፣ ሴት» ወይም «ደጋ፣ ወይናደጋ፣ ቆላ» የመሳሰሉ ምድቦችን የሚይዘውን ተርታ፣ ወደ ጽሑፍ ቀይሮ ይሰጣል። ለቀን ይህ ወግ አልተደረገለትም። እንዲህ የሚያደርገውም ዙሩ ብቻ አይደለም፤ በሁኔታ መሠረት ከሁለት ዋጋ አንዱን የሚመርጠው ኢፍኤልስ፣ የየዙሩን ውጤት ሰብስቦ ወደ አንድ ተርታ የሚያቀልለው ኤስአፕላይም መለያውን ይጥላሉ።

ለምን አይታረምም? ብዙ ሺህ ጥቅሎችና ቁጥር ስፍር የሌላቸው የምርምር ሥራዎች በዚህ ጠባይ ላይ ተመሥርተው ተጽፈዋል። ዙሩ ነገ መለያ መያዝ ቢጀምር፣ ቁጥር ጠብቀው የተጻፉ ሥራዎች በማያውቁት ቦታ ይሰናከላሉ። ስለዚህ መድኃኒቱ በተጠቃሚው እጅ ቀርቷል፤ እርሱም ቀላል ነው። የመጀመሪያው በቀኖቹ ላይ ሳይሆን በተራ ቁጥራቸው ላይ መዞርና በውስጥ ቀኑን በቅንፍ ማውጣት ነው፤ ሴክ አሎንግ የተባለው ትእዛዝ ለዚህ ያገለግላል። ሁለተኛው ተርታውን አስቀድሞ አስ ሊስት በተባለው ትእዛዝ ወደ ዝርዝር መለወጥ ነው፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ቀን የራሱን ወረቀት ይዞ ይሄዳል። ሦስተኛው ቁጥሩ ከወጣ በኋላ መልሶ ቀን ማድረግ ነው። ቀድሞ ይህን ስናደርግ መነሻው የ1970 መጀመሪያ መሆኑን በግልጽ መጻፍ ግዴታ ነበር፤ በ2023 ከወጣው እትም 4.3.0 ወዲህ ግን ቋንቋው ራሱ ያስታውሰዋል። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ስም ከጠፋ በኋላ ከመመለስ እንዳይጠፋ መጠበቅ ይሻላልና።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን ሊቃውንት ልሻገር፤ ምክንያቱም ዙርና ቀንን አጋጥሞ የማስላት ጥበብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የባሕረ ሐሳብ መምህራን ዙርን «ዐውድ» ይሉታል። ዐውደ ዕለት 7 ነው፤ ዐውደ አበቅቴ 19፤ ዐውደ ፀሐይ 28፤ ዐውደ ማኅተም 76፤ ዐውደ ቀመር 532። ስሌቱ ሁሉ በዐውድ መግደፍና ቀሪውን መያዝ ነው። የእነርሱ ቀሪ ግን ስም አልባ ሆኖ አይሄድም። ዓመተ ዓለምን ለ4 ስናካፍል 1 ቢቀር ዘመኑ ማቴዎስ ይባላል፤ 2 ቢቀር ማርቆስ፤ 3 ቢቀር ሉቃስ፤ ያለ ቀሪ ቢካፈል ዮሐንስ። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በሉቃስ ፍጻሜ ነው። ተማሪው «ሦስት ቀረ» ብሎ አያቆምም፤ «ሉቃስ ነው» ይላል።

የ2000 ዓ.ም. ትንሣኤን አብረን እናውጣ። 5500 ዓመተ ዓለም ሲደመርበት 7500 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል ቀሪ የለውም፤ ዘመኑ ዮሐንስ ነው። በ19 ሲገደፍ 14 ይቀራል፤ አንድ ሲነሣለት 13፤ ይህ ወንበር ይባላል። 13 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ 23፤ ይህ አበቅቴ ነው። 13 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ 7፤ ይህ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 መምጣታቸው ስሌቱ እንዳልተሳሳተ ይመሰክራል። መጥቅዑ ከ14 ስለሚያንስ በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት 7 ይውላል፤ ዕለቱ ሐሙስ ነበር፤ የሐሙስ ተውሳክ 3 ነው። 7 እና 3 ሲደመሩ 10፤ ይህ መባጃ ሐመር ይባላል። ጾመ ነነዌ የካቲት 10 ገባ፤ ከዚያ 69 ቀን ቆጥረን ትንሣኤን ሚያዝያ 19 ላይ እናገኛለን። በእያንዳንዱ እርምጃ የወጣው ቁጥር ወዲያው ተሰይሟል። ወንበርን ከመጥቅዕ ጋር የሚያምታታ ተማሪ ቢኖር ስሙ ራሱ ያስጠነቅቀዋል። ይህ ልማድ ለጌጥ የመጣ አይደለም፤ መጻፊያ ብራና ውድ በነበረበትና ስሌት በቃል በሚያዝበት ዘመን የስህተት መከላከያ ነበር።

ይህን የማነሣው ለውዳሴ አይደለም። ዛሬ የእኛ መረጃ በእነዚህ ቋንቋዎች ውስጥ ሲገባ የሚደርስበትን አደጋ ለማሳየት ነው። የአር የቀን ክላስ የሚያውቀው የግሪጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ነው። በእኛ ዘመን የተመዘገበ ቀን በአኃዝ ተጽፎ ሲሰጠው፣ ለምሳሌ ዓመት 2016፣ ወር 6፣ ቀን 30 ቢባል፣ የካቲት 30ን የአውሮፓውያን ሰኔ 30 አድርጎ ያለ ማስጠንቀቂያ ይቀበላል። በዚያ መዝገብ ውስጥ እምቢ የሚሉት ጥቅምት 30ና ጳጉሜን ናቸው፤ ሁለተኛው ወር 30 ቀን፣ ዓመቱም 13ኛ ወር የለውምና ባዶ ሆነው ይወጣሉ። ቸኩሎ ባዶውን የሚሰርዝ ተመራማሪ ጳጉሜንን ከዓመቱ ላይ ሰረዘ ማለት ነው።

ነሐሴ 30 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደና መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ያረፈ ሕፃን እናስብ። 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች፤ ሕፃኑ የኖረው 7 ቀን ነው። ቀኖቹን የአውሮፓ መስለውት የሚያነብ ፕሮግራም ግን 2 ቀን ይላል። የጨቅላ ሕፃናትን ሞት የሚያጠኑ ሰዎች የመጀመሪያዎቹን ሰባት ዕለታት፣ ከዜሮ እስከ ስድስተኛው ቀን ያሉትን፣ ለይተው ይቆጥራሉ፤ ምክንያቱና መከላከያው የተለየ ነውና። ይህ ሕፃን በተሳሳተ መደብ ተቀበረ ማለት ነው፤ ፕሮግራሙም አንድም የስህተት መልእክት አላወጣም። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎች መረጃ በእኛ ወራት ተቆጥሮ የተቀመጠ በመሆኑ፣ ከሌላ አገር ጋር ማነጻጸር የሚፈልግ ሰው 92 ወራት እንዲደምር ይመከራል፤ ይኸውም ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ነው። ይህን ሳያውቅ የገባ ተመራማሪ የሚያገኘው ሰንጠረዥ ከትክክለኛው ጋር ፈጽሞ ይመሳሰላል፤ አደጋውም መመሳሰሉ ነው።

መደመርም ቢሆን ሁልጊዜ አይበቃም። የካቲት 23 ዛሬ ዛሬ የሚውለው በአውሮፓውያን መጋቢት 2 ነው፤ በ1888 ዓ.ም. ግን መጋቢት 1 ቀን 1896 ዋለ። በመካከሉ 1900 አለ፤ ያ የሌለው የካቲት 29። ቀኑ አልተንቀሳቀሰም፤ የተንቀሳቀሰው በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ርቀት ነው።

እንግዲህ ወደ ጀመርሁበት ልመለስና ልጨርስ። ያ ዙር ሲጻፍ ማንም አልተሳሳተም። ቀንን ቁጥር ያደረጉት ሰዎች ትክክል ነበሩ፤ መለያን በላዩ የለጠፉትም ብልሆች ነበሩ፤ ዙሩን የሠሩትም ለዘመናቸው የሚበቃ ዙር ሠርተዋል። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ ባለአምስት አኃዝ ቁጥር ዓይኔ ሥር ወጥቶ «አንተ ማነህ? ከየት ተነሥተህ ተቆጠርህ?» ሳልለው አሳለፍሁት። በዚህ ክፍል የምትማሩ ልጆቻችን ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብትወስዱ ይህችን ጥያቄ ውሰዱ። በዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር አንዲት እናት የምታስታውሰው ዕለት ነበርና።